የጣና ዳር የዱር እንስሳት በምን ብልሃት ይኖራሉ?

ጣና ዳር ለሚኖር ገበሬ ጎረቤቱ ሰው ብቻ አይደለም። ቀን ጉማሬው ከደንገሉ አጠገብ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሌሊት ጅብ በደጅ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዓሣ በጉማራና በርብ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። እነዚህን ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ስታዩአቸው ነው ያደጋችሁት።

ግን ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ጉማሬ ለምን በሌሊት ይወጣል? ጅብ ለምን በሁዳዴ ጾም ይከፋል? ነጭ ዓሣስ ያን ሰፊ ሐይቅ ትቶ ጠባብ ወንዝ ውስጥ ለምን ይገባል?

የዱር እንስሳ ማረሻ የለውም። ጎተራ የለውም። በሕይወት የሚያቆየው ሰውነቱና ልማዱ ነው። ልማድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንስሳው በዕድሜው አይቶ የሚማረው ነው። ይህ ቶሎ ይለወጣል። ሁለተኛው ከአባት ከእናቱ ከሰውነቱ ጋር የወረሰው ነው። ይህኛው በብዙ ሺህ ዓመት የተሠራ ስለሆነ በአንድ ዓመት ወይም በአሥር ዓመት አይለወጥም።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከብታችንን ያድናል። ነፍሳችንን ያድናል። ለልጆቻችንም ዓሣ ያተርፋል። እንዴት እንደሆነ በየተራ እንመልከት።

ጅብ፦ ቶሎ የሚማረው አውሬ

ከጅብ እንጀምር። ጅብ ያገኘውን ይበላል። አጥንት ይሰብራል፤ ቁርበት ይበላል። ሰው የጣለውን ጥንብ ያነሣል፤ ካጣ ደግሞ ራሱ ያድናል። ለዚህም ነው ዱሩ ሲመነጠርና ሚዳቋው ሲያልቅ ጅብ ያልጠፋው። ከሰው መንደር አጠገብ መኖርን ተምሯል።

ምን ያህል እንደተማረ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ጥናቱ በትግራይ የተደረገ ሲሆን በ2004 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ጅብ አጥንት ቢያደቅም ፀጉር አይፈጭለትም። ስለዚህ ፀጉሩን አይቶ ምን እንደበላ ማወቅ ይቻላል። ይህን ያደረጉት በሦስት ጊዜ ነው፤ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ።

ምን አገኙ? ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው ከ100 እጅ በ15 እጁ ገደማ ነበር። በጾሙ ጊዜ ወደ 33 እጅ ወጣ። ጾሙ ሲፈታ እንደገና ወደ 22 እጅ ወረደ።

ነገሩ ግልጽ ነው አይደል? ሰው ሥጋ ይበላ በነበረበት ጊዜ ጅብ አጥንቱንና አንጀቱን ከየሜዳው ይለቅማል። በ55ቱ የጾም ቀን ግን የሚታረድ የለም። የሚጣልም የለም። ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ቀን መቁጠሪያ አይቶ አይደለም። የለመደውን ቦታ ባዶ ሲያገኘው ሌላ መላ ስለሚፈልግ ነው።

ለምን አህያ? አህያ ብዙ ጊዜ ውጭ ያድራል። ከበሬና ከላም ያነሰ ይጠበቃል። ጅብ ደግሞ የቀለለውን ይመርጣል።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አለ። ጅብ ልማዱን እንደ ሁኔታው ይለውጣል፤ እኛም ከእርሱ መቅደም አለብን። የአህያ በረት ማጠር ያለበት ከቅበላ በፊት ነው እንጂ አህያው ከተበላ በኋላ አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። የሞተ ከብትም መንደር አጠገብ አይጣል። ጥንብ በቅርብ መጣል ጅብን ወደ ቤት መጥራት ነው። ራቅ አድርጎ፣ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ መቅበር ይሻላል።

ጉማሬ፦ ሰውነቱ ያሰረው

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ ጉማሬ ይታያል። በሐይቁ ዙሪያም ደንገል ባለበት ዳርቻ ይገኛል። የአንድ ትልቅ ጉማሬ ክብደት 15 ኩንታልና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ይህን የሚያህል እንስሳ ፀሐይ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን እውነት ነው። የጉማሬ ቆዳ ወፍራም ቢሆንም የላይኛው ሽፋኑ ስስ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቀኑን በውሃ ውስጥ ይውላል። ከቆዳው ቀላ ያለ ወዝ ይወጣል። ሰዎች ደም ይመስላቸዋል፤ ደም ግን አይደለም። ይህ ወዝ ከፀሐይ ቃጠሎ ይከላከልለታል፤ ቁስሉም እንዳይመረቅዝ ይረዳዋል።

ሰውነቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከራሱ በላይ በአንድ መስመር የተሠሩ ናቸው። ሙሉ አካሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ይሰማል፣ ይተነፍሳል። ሲጠልቅ አፍንጫውን ይዘጋል። እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ ሳይተነፍስ መቆየት ይችላል። ተኝቶ እንኳ ሳይነቃ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል።

ምግቡ ግን ውሃ ውስጥ አይደለም። ጉማሬ ሣር በል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ግጦ ጎህ ሳይቀድ ይመለሳል። የሚሄደውም ሁልጊዜ በለመደው ዱካ ነው። ዱካውን እናቱ ይዛው ሄዳለች፤ እርሱም በዚያው ይሄዳል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በጋ ሲገባ የሐይቁ ውሃ ይሸሻል። ባሕር ሸሹ መሬት ለም ስለሆነ ገበሬው ይዘራበታል። ደንገሉም እየታጨደ፣ እየተቃጠለ ይታረሳል። ጉማሬው በማታ ሲወጣ በለመደው ዱካ ላይ ማሳ ያገኛል። አጥርና ድንበር አያውቅም። የትናንቱን ሣር ሊግጥ ወጥቶ የዛሬውን ሰብል ይበላል። ገበሬው የዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት ተረግጦ ሲያድር ማዘኑና መቆጣቱ አይገርምም።

ታዲያ ጉማሬው ይህን ልማዱን መተው አይችልም ወይ? አይችልም። ጅብ አጥንት ሲያጣ አህያ ይፈልጋል። ጉማሬ ግን ሌሊቱን በቀን ሊለውጠው አይችልም፤ ቆዳው አይፈቅድለትም። ከውሃው ርቆ ሊኖር አይችልም። ሣርንም በሌላ ምግብ አይተካም። ሰውነቱ አስሮታል።

ስለዚህ መላ የሚፈልገው ሰው ነው። የሚከተሉትን ልብ በሉ።

በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁሙ። ጉማሬ ሰውን የሚገድለው ሊበላው ፈልጎ አይደለም። መሸሸጊያው ውሃ ነው። የሚመለስበት መንገድ የተዘጋ ሲመስለው መንገዱ ላይ ያለውን ይመታል። አካሉ ከባድ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በየብስ ላይ ከሰው ይበልጥ ይሮጣል። ውሃ ለመቅዳትም ሆነ ከብት ለማጠጣት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሂዱ። በምሽትና በንጋት ከዱካው ራቁ።

ግልገል ካላት ጉማሬ ራቁ። ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ለዚያች አንድ ግልገል ስትል ታንኳ ትገለብጣለች። ጉማሬ ያለበትን ቦታ በታንኳ ስታልፉ ሩቅ ዙሩ።

ዱካው እስከ ውሃው አፍ ድረስ አይታረስ። በዳርቻው ደንገሉና ሣሩ ያለበት መሬት ቢተው ጉማሬው የሚግጠው ያገኛል፤ ማሳውም በመጠኑ ይተርፋል። ደንገሉ ራሱ ከማሳ በጎርፍ የሚመጣውን አፈር ያስቀራል። የጉማሬው ፋንድያም ውሃ ውስጥ ወድቆ ለትንንሽ ፍጥረታት ምግብ ይሆናል። እነዚያን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። ጉማሬው በሌሊት ከየብስ የወሰደውን ለውሃው ይመልሳል ማለት ነው።

አምባዛና ቆሮሶ፦ ሁለት ዓሣ፣ ሁለት መላ

ከጉማሬው ጋር አንድ ውሃ የሚጋሩት ዓሦች ደግሞ የየራሳቸው መላ አላቸው።

አምባዛን ተመልከቱ። ቅርፊት የለውም፤ ጺም አለው። ጺሙ እንደ ጣት ነው። ውሃው ደፍርሶ ዓይን በማይሠራበት ጊዜ በጺሙ እየዳሰሰ ምግቡን ያገኛል። ከዚህም ሌላ አምባዛ አየር ይተነፍሳል። ሌላው ዓሣ በውሃ ውስጥ ያለውን ትንፋሽ በስንጥቡ ብቻ ሲስብ፣ አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ሌላ የመተንፈሻ አካል አለው። ስለዚህ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ጭቃማ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ክረምት ሲገባና የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣ አምባዛ በሌሊት ወደ ሜዳው ይወጣል። እንቁላሉን ውሃ በሸፈነው ሣር ላይ ይጥላል። እንቁላሉም ከሣሩ ጋር ይጣበቃል።

ቆሮሶ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ጠርጎ ጎጆ የመሰለ ጉድጓድ ያበጃል። ሴቷ በዚያ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትይዘዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በአፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

አምባዛ ሜዳውን፣ ቆሮሶ አፏን መከታ አደረጉ። ሦስተኛው ዓሣ ግን ከሁለቱ የራቀ ጉዞ አለው።

ነጭ ዓሣ፦ የጣና ብቻ የሆነው

በባሕር ዳር ገበያ ነጭ ዓሣ ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች አጥንቱንና አፉን፣ የሚበላውንና የሚኖርበትን መርምረው ከ15 በላይ ዓይነት መሆኑን አረጋግጠዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። በዓባይ ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል አይዘልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ከታችኛው ዓሣ ጋር ሳይቀላቀል ብዙ ሺህ ዓመት ለብቻው ኖረ። በዚህ ረጅም ጊዜ ሐይቁን ተከፋፈሉት። አንዱ ከወለሉ ጭቃ ይለቅማል። አንዱ ዳርቻውን ይዟል። ስምንት ያህሉ ዓይነት ደግሞ ሌላ ዓሣ ማደን ተማሩ። የሚገርመው በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ያለው በጉሮሮአቸው ውስጥ ነው። ያደኑትን ይውጡና እዚያ ያደቁታል።

በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ወንድማማች ሲኖሩ አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ነጋዴ ሆኖ እንጀራ ሳይሻሙ እንደሚኖሩት ማለት ነው።

ከእነዚህ ዓይነቶች ግማሽ የሚያህሉት ለመራባት ከሐይቁ ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ። ከዋናው ወንዝም አልፈው ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ።

ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ? ለእንቁላላቸው ሲሉ ነው። እንቁላል ትንፋሽ ይፈልጋል። በሐይቁ ወለል ያለው ደቃቅ ጭቃ እንቁላሉን ይሸፍነውና ያፍነዋል። በትንንሾቹ ገባሮች ግን ውሃው ንጹሕና ፈጣን ነው። ወለሉም ጠጠር ነው። ዓሣዋ እንቁላሏን በጠጠሩ መካከል ትጥላለች። የሚፈሰው ውሃ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ጠጠሩ ከጠላት ይሸሽገዋል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በወንዙ ኩሬዎች እያደጉ ኋላ ወደ ጣና ይወርዳሉ።

መልካም ብልሃት ነው። ነገር ግን አንድ ድካም አለበት። ዓሦቹ ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በሰፊው ሐይቅ የተበተነው ሁሉ በተወሰነ ጊዜ፣ በአንዲት ጠባብ በር ያልፋል። ጊዜውንና በሩን ያወቀ ሰው መረቡን ከወንዙ አፍ ይዘረጋል። በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። የያዘው ግን ሆዱ እንቁላል የሞላ ዓሣ ነው። በአንዲት ትልቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል አለ።

ድሮ አጥማጁ በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይርቅ ያጠምድ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ግን በ1983 ዓ.ም. ገደማ የነበረውን ከ1993 ዓ.ም. ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ያገኙት የሚያስደነግጥ ነበር። የነጭ ዓሣ ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱ ጠፍቷል። ገና በማደግ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ጠፍተዋል። ትንንሾቹ ከጠፉ ነገ የሚያድገው ማን ነው?

በአንዳንድ ወንዝ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተናል። ብርብራ ትንፋሽ ይዘጋል። ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይገድላል። ሰው ትልቁን ለቅሞ ሲሄድ ትንሹ እዚያው ይቀራል።

በመረብ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ከተራራው እርሻ የሚወርደው አፈር ጠጠሩን ይሸፍነዋል። አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሲዛቅ እንቁላል የሚጣልበት ቦታ ይጠፋል። በበጋ ውሃው በሞተር ሲሳብና ኩሬዎቹ ሲደርቁ ደግሞ በዚያ ያሉት ጫጩቶች ያልቃሉ።

ነጭ ዓሣ ይህን አይቶ እንደ ጅብ መንገዱን ይለውጣል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። ወደ ወንዝ መውጣት ያስተማረው የለም፤ አብሮት የተወለደ ነው። መረብ ቢዘረጋም ይመጣል። የዛሬ ዓመትም በዚያው ወር፣ በዚያው በር ይመጣል። የማይመጣው ያለቀ ዕለት ብቻ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ዓሣ የሚመጣበት ወቅት የችግር ወቅት መሆኑን እናውቃለን። በነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው። አዝመራው አልደረሰም። ዓሣው ግን ደጅ ድረስ ይመጣል። ይህን ተወው ማለት ቀላል አይደለም።

ቢሆንም ገበሬ አንድ ነገር ያውቃል። ቢራብም ዘሩን አይበላም። ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ በክረምት የፈጨ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘራል? በወንዝ አፍ ላይ ያለ እንቁላል የያዘ ዓሣ የጣና ዘር ነው። ከዘሩ የተረፈው ግን ይበላል፤ ይሸጣልም። ዓሦቹ ተራብተው ወደ ሐይቁ ከተመለሱ በኋላ ማጥመድ ይቻላል።

ስለዚህ በቀበሌአችሁ ስብሰባ እነዚህን ተወያዩባቸው።

አንደኛ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍና በወንዝ ውስጥ መረብ አይዘርጋ። አንድ ሰው ብቻውን ቢተወው ሌላው ይወስደዋል። ስለዚህ ውሳኔው የሁሉም መሆን አለበት። በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መውጣቱንም እወቁ።

ሁለተኛ፣ ብርብራ ወደ ወንዝ አይጣል።

ሦስተኛ፣ ውሃ በሞተር የምትስቡ በኩሬው ውስጥ ለጫጩቶቹ ጥቂት ውሃ ተዉላቸው። እንቁላል ከሚጣልበት ቦታም ጠጠር አይዛቅ።

አራተኛ፣ በማሳችሁ ላይ እርከን ሥሩ። እርከን አፈራችሁን ለእናንተ ያስቀራል፤ ለዓሣውም ጠጠሩን ንጹሕ ያደርግለታል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ መኖሪያ ተብሎ በዓለም መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ዓሣ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ ጅብ በጥቂት ቀን መላ ይለውጣል። ጉማሬ በቆዳው፣ ነጭ ዓሣ በትውልዱ ታስረዋል። ሰው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሌላው ያየውን ሰምቶና አንብቦ በአንድ ቀን ይማራል። እናንተም ይህን አንብባችኋል። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ፣ ይልቁንም መረብና ታንኳ ላለው፣ አንብቡለት። ሐምሌ ሳይገባ ተነጋገሩበት።